የጉና ገብስማ ውሾች

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቼ አዳምጣለሁ። ከመጣ በርሜሉን እሞላለሁ፤ ካልመጣ ከጀሪካኑ ቀድቼ ፊቴን እታጠባለሁ። ከዚያ የጓሮውን በር እከፍታለሁ። ውሻዬ ጉም ከበሩ ሥር ተኝቶ ይጠብቀኛል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሊነሣ ሲል የኋላ እግሮቹ ወዲያው አይታዘዙለትም፤ እስኪቆም ድረስ እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ማታ ከሉካንዳ ያመጣሁትን አጥንት ከተረፈ እንጀራ ጋር በሞቀ ውሃ አርሼ አቀርብለታለሁ። እሱ ሲበላ እኔ ዳቦዬን በሻይ ቆሜ እበላለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩን ቆልፌ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው።

የጉም ፀጉር እዚህ አገር ገብስማ የሚባለው ዓይነት ነው። መደቡ አመድ ይመስላል፤ በላዩ ጥቁር እየተቆራረጠ ተረጭቶበታል። አንድ ዓይኑ ቡናማ፣ ሌላው ውሃ የመሰለ ሰማያዊ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ እንደ እሱ ያለ ውሻ ስለሌለ ይዤው ስወጣ ልጆች ይከተሉናል።

ባለቤቴ ሙሉሐብት የበግ ርባታ ባለሙያ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በጉና ተራራ ሥር የበግ ፕሮጀክት ይመራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ገብስማ ወንድ ውሻ ትቶለት ሄደ። የእኛ ውሻ በግ ይጠብቃል እንጂ አይነዳም። ያኛው ግን ከመንጋው ኋላ በሆዱ እየተሳበ ይዞርና፣ ሳይጮኽ ሳይነክስ፣ በጎቹን ወደሚፈለጉበት ይመልሳል። ሙሉሐብት ከጉና ሴት ውሾች ጋር አዳቀለው። ገብስማ ሆነው የተወለዱት ብዙዎቹ የአባታቸውን ሥራ ይዘው ስለተገኙ፣ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ገብስማ ውሻ የሌለው ባለ በግ እንደ ድኻ መታየት ጀመረ።

ችግሩ የመጣው ከውበቱ ነው። የጉና ሰው በሬም ሲገዛ፣ በቅሎም ሲገዛ መልክ ይመርጣል። ገብስማ ወንድ ያለው ሰው ቡችሎቹ ሁሉ ገብስማ እንዲሆኑለት ገብስማ ሴት ፈልጎ አገናኘ። ከተወለዱት መካከል ነጮች ወጡ። ነጮቹ ሲጠሩ አይሰሙም፤ የአንዳንዶቹም ዓይን የምስር ፍሬ አክሎ ቀረ። ሰዉ ቡዳ ነው አለ፣ ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ወንዝ ውስጥ የጣላቸውም ነበር።

ነገሩን ያወቀው ሙሉሐብት ነው። ገብስማነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ መልክ ነው፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከሁለቱም ሲወረስ ግን ቀለሙን ያጠፋና ብዙ ጊዜ ጆሮንና ዓይንን ይዞ ይሄዳል። ከአራት ቡችላ የአንዱ ዕጣ ይህ ነው። ለባለ በጎቹ እንዲህ ብሎ ቢያስረዳቸው እንደማይዘልቅ ስለገባው በሚያውቁት ነገር ነገራቸው። «ልጅ ስትድሩ ሰባት ቤት ትቆጥሩ የለም? ገብስማና ገብስማ የሥጋ ዘመድ ናቸው። አይጋቡም» አላቸው። እዚያ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ልጁን የሚድር ሰው የለምና ገባቸው። ያላመኑትን ደግሞ ወንድ ውሾቻቸውን እያኮላሸ ተከላከለ።

የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት ነው። ኩላሊቱን ታመመ፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድም አራት ቀን ተዘግቶ ነበር። ስለዚያ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ልብሱን ለወንድሞቹ ሰጠሁ። መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቱ አበረከትኩ። በየመንደሩ እየዞረ የጻፈባቸውን ስምንት ደብተሮች ግን ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ልጅ አልወለድንም። ከእጁ ሥራ መካከል ዘር ሊተካ የሚችል ወንድ ጉም ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሌሎቹ ወንዶች ሞተዋል ወይም ተኮላሽተዋል፣ ሴቶቹም አርጅተዋል። ጉም ሳይሞት አንድ ገብስማ ልጅ እንዲተካ እፈልግ ነበር። ከዚያ በቀር የምፈልገው ነገር አልነበረም።

አያ ስማቸው የመጡት ባለፈው የካቲት መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የጉና ባለ በግ ናቸው፤ ከሙሉሐብት ጋር ብዙ ተራራ ወጥተው ወርደዋል። ግማሽ ማዳበሪያ ድንች ያዘለች ልጃቸው ዝናሽ አብራቸው ነበረች። ዝናሽ አራት ዓመት አረብ አገር ሠርታ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው።

«እንዴት ከረምሽ፣ እታለም?» አሉኝ አያ ስማቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት ከረሙ?»

«እኛማ እንዳለን አለን። ከኛ ይልቅ የከረመው ቀበሮ ነው። ከጥምቀት ወዲህ አምስት ጠቦት በልቶ አሁን ሰው ሲያይ እንኳ አይሮጥም፤ ይራመዳል።»

ሙሉሐብት የሰጣቸው ገብስማ ውሻ ባለፈው ክረምት ሞቷል። በጎቹ ወደ ገደሉ ሲያዘነብሉ የሚመልስላቸው አጥተዋል።

«ያለችኝ ሴቲቱ ናት» አሉ። «እሷ መጮኽ ብቻ ነው የምታውቅ። ጩኸት ደግሞ ዝናሽ ከመጣች ወዲህ ቤቴ አልጎደለም።»

«አባባ!» አለች ዝናሽ።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩ።

አያ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዝናሽ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ምን አላችሁ» አለች።

«ምን አልን?»

«ስሟ ነው፣ እትዬ ማሬ። ‹ምን አላችሁ› ነው ስሟ። አባባ ከጎረቤት ጋር በግጦሽ ተጣልቶ አይነጋገሩም። ሲመሽ አጥር ላይ ወጥቶ፣ ‹ምን አላችሁ! ምን አላችሁ!› እያለ ውሻዪቱን ይጠራታል። እነዚያ ይሰማሉ። ባለፈው እነሱም ቡችላ አመጡና ስሙን ‹ምን ታመጣ› አሉት።»

«ውሻዬን ነው የጠራሁ» አሉ አያ ስማቸው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጉም ድምፅ ሲበዛበት ከጓሮ መጣ። ዝናሽ ስታየው ተቀመጠችና አገጩን ያዘችው።

«የማዳሜ ውሻ ልክ እንዲህ ነበር» አለች። «አንድ ዓይኑ ሰማያዊ። የራሱ ክፍል ነበረው፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት። እኔ ወጥ ቤት ነበር የምተኛ።»

«እንግዲህ ከውሻ ጋር ልትወዳደሪ ነው» አሉ አባቷ።

«ተወዳድሬ ተበልጬ ነው እንጂ። እሱ ፓስፖርት ነበረው፤ በየዓመቱ አውሮፓ ይሄዳል። የኔን ፓስፖርት ማዳም ቆልፋበት ነበር።»

የመጡበትን ነገሩኝ። ምን አላችሁ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደርሷል፤ ከጉም ጋር ትገናኝ፤ ከሚወለዱት አንዱን ገብስማ ወንድ እኔ ልውሰድ፣ ሌላውን እሳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ እንደነበር ያን ዕለት አወቅሁ።

«መልኳ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ቡላ።»

«ጥርት ያለች ቡላ? ገብስማ የሌለባት?»

«አንዲት ፀጉር የለባትም። ሕጉን ለኔ ልትነግሪኝ ነው እንዴ? ገብስማ ከገብስማ አይጋባም። ሙሉሐብት መጀመሪያ ሲነግረን አጠገቡ የተቀመጥሁ እኔ ነበርሁ።» ፈገግ አሉ። «ለሰው ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ለውሻ መልኩ ይበቃል። እግዜር የውሻን ቀለል አድርጎልናል።»

ዝናሽ ጉምን ለቀቀችው። «ጋሼ ሙሉሐብት ደብተር ነበራቸው አይደል?» አለች። «እኔ ከመሄዴ በፊት ቤታችን በመጡ ቁጥር ሲጽፉ አይ ነበር። የማን ውሻ ከማን እንደተወለደ። ስለዚህችም ይኖር ይሆናል። እስቲ ይዩልን።»

«አያስፈልግም» አልኩ።

«እንዲያው ለማረጋገጥ…»

«ይህ ነገር ካለ ይታያል። ከአንድ ወላጅ እንኳ ቢወረስ መልክ ላይ ይወጣል፤ የሚደበቅ ዓይነት አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። ቡላ ከሆነች የለባትም።»

«ሰማሽ?» አሉ አያ ስማቸው። «አስተማሪ ናት።»

ደብተሮቹ ከተቀመጥንበት ስምንት ርምጃ አይርቁም ነበር። አልተነሣሁም።

ምን አላችሁ በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ወረደች። እውነትም ጥርት ያለች ቡላ ነበረች፤ የደረቀ የገብስ ገለባ ትመስላለች። አምስት ቀን ጓሮዬ ቆየች። ጎረቤቴ ትእዛዝ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «ማሬ፣ ሰርግ ደግሰሽ ሳትጠሪን!» አለችኝ።

«ሚዜ ስላጣን ነው ያልጠራናችሁ» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። የዚያ ሳምንት ጠዋቶች ቀላል ነበሩ። ጉም አጥንቱን ለእሷ ትቶ ገለል ብሎ ይቆም ነበር። ለቡችላው ስም ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ የትኛውን እንደመረጥኩ ግን አሁን መጻፍ አያስፈልግም።

ዝናሽ የደወለችው በሚያዝያ አጋማሽ ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር።

«እትዬ ማሬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ሰባት ወለደችልን፣ ሰባት!»

«መልካቸውስ?»

«ሁለቱ ገብስማ፣ ሁለቱም ወንድ። ሦስቱ ቡላ። ሁለቱ ደግሞ ቢያዩአቸው… ነጭ! እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ። ይህን ያህል ነጭ ውሻ አይቼ አላውቅም። አባባ ጎረቤት እንዲያይ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስተኛቸው።»

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ።

«ስንት ቀናቸው ነው?»

«ስምንት። ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ምነው?»

«ምንም። በደንብ ሙቀት ይኑራቸው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም።

ከትምህርት ቤት እንደ ተመለስኩ ካርቶኑን አወጣሁ። ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር በእጅ ተነሣ። የምፈልገው በስምንተኛው ደብተር መጨረሻ አካባቢ ነበር። ጽሕፈቱን ማየት ያስፈራኝ የነበረውን ያህል አልነበረም፤ የከበደኝ የተጻፈው ነው። ቀኑ መስከረም ሃያ ሁለት ይላል።

«ይሻው ቤት። እናት ገብስማ፣ አባት የመንደር ቡላ። አምስት ቡችሎች፦ ሁለት ገብስማ፣ ሁለት ጥቁር፣ አንዲት ቡላ። ቡላዋ ስትወለድ ጀርባዋ ላይ ጥላ የመሰለ ነጠብጣብ ነበረባት፤ በስድስት ሳምንቷ ጠፍቷል። ገብስማው የሚያሳሳው ጥቁሩን ቀለም ነው፤ ቢጫውን አይነካም። ስለዚህ በቡላ ሥር ሊደበቅ ይችላል። ይህችን ስማቸው ወስዷታል። ከገብስማ ጋር እንዳትገናኝ ይነገረው።»

ከሥሩ አንድ መስመር ዘልሎ እንዲህ ብሏል፦ «ሕጉን በመልክ ማስተማሬ ስሕተት ነው። በእናትና በአባት መሆን ነበረበት። እንደገና መዞር አለብኝ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው።

ቡችላ መስማት አለመስማቱ ከሦስት ሳምንት በፊት በደንብ አይታወቅም። ስለዚህ እስከ ግንቦት ቆየሁ። ነጭ ሆኖ የሚሰማም አለ፤ አልፎ አልፎ። ያን ተስፋ ይዤ ነው የቆየሁት።

እስከ ክምር ድንጋይ ከተማ በሚኒባስ ሄድኩ። ዝናሽ በቅሎ ይዛ ጠበቀችኝ። ሦስት ሰዓት ተጓዝን። ዝናብ ጀምሯል፤ ማሳው ሁሉ ታርሶ ጥቁር ነው፤ ጉና ከወገቡ በላይ አይታይም። ዝናሽ መንገዱን ሙሉ ስለ ቡችሎቹ አወራችኝ። ከነጮቹ አንዱ ለምዷታል፤ ጉያዋ ውስጥ ነው የሚተኛ። ስም አውጥታለታለች፤ በረዶ።

«ሲጠሩት ይመጣል?» አልኳት።

«ገና ሕፃን ነው እኮ» አለች።

ቡችሎቹ ከቤቱ አጠገብ ካለው የበግ ጋጣ ጥግ፣ ጭድ ላይ ነበሩ። ሰባቱም ተቆላልፈው ተኝተዋል። አያ ስማቸው ኩራት በሞላው ፊት ቆመው ያሳዩኝ ጀመር። የድስት ክዳንና ማንኪያ እንድትሰጠኝ ዝናሽን ጠየቅኋት። ከኋላቸው ሆኜ መታሁት።

አምስቱ ብድግ አሉ። ምን አላችሁ ጮኸች። ሁለቱ ነጮች ተኝተው ቀሩ።

እንደገና መታሁ፤ ከዚያ በሦስተኛው ከጆሯቸው በስንዝር ርቀት ላይ። አንደኛው በእንቅልፉ አፉን ከፈተና ዘጋ። አነሣሁት። የግራ ዓይኑ የለም ማለት ይቻላል፤ ከቆቡ ሥር ያለው ከምስር ያነሰ ነው፤ መግልም ይዟል። ሁለተኛው በረዶ ነበር። ዓይኖቹ ሙሉ ናቸው፤ ብሌናቸው ግን ከመሐል ወርዶ ወደ ታች ፈሷል። ጣቴን ፊት ለፊቱ ሳንቀሳቅስ አልተከተለውም። ሲያሸተው ግን ላሰው።

«ምንድን ነው?» አሉ አያ ስማቸው።

ደብተሩን ይዤ ነበር የመጣሁት። ገጹን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን አጎንብሰው ጽሕፈቱን አዩት።

«እናቷማ ገብስማ ናት» አሉ። «የይሻው ውሻ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«አልጠየቅሁም። መልኳን ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

«እኔም መልኳን ነው የነገርኩሽ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ይህንን መቼ አነበብሽው?»

«የወለደች ጊዜ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አልከፈትኩትም። ከሞተ ጀምሮ አልከፈትኩትም፣ አያ ስማቸው። ዝናሽ ስትለምነኝም አውቄ ነው የተውኩት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉኝ። ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ ልክ እንደዚያው። ተሳድበው ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ያን ጊዜ ከገብስማዎቹ አንዱ መጥቶ የጫማዬን ማሰሪያ ነከሰ። አንድ ዓይኑ ሰማያዊ ነው። እግሬን ሳራምድ ማሰሪያውን ለቆ፣ ዝቅ ብሎ፣ በግራ በኩል ዞሮ ከፊቴ ቆመ። አራት ሳምንቱ ነው፤ ማንም አላስተማረውም።

«ይኸውልሽ ያንቺ» አሉ አያ ስማቸው። «የሞተው ሞተ፤ እነዚህን ሁለቱን ለዘር እንተዋቸው። ገብስማ ሴት አናሳያቸውም።»

«ቡላዎቹስ?» አልኩ።

«ቡላዎቹን ቃል ገብቼባቸዋለሁ። አንዱን ለአማቼ፣ ሌሎቹን ለታች መንደር።»

«ከሦስቱ የትኛው እንደ እናቱ እንደሆነ አላውቅም። የሚለይ ምርመራ ውጭ አገር አለ ይባላል፤ እዚህ የለም። አማችዎ ደግሞ ለሌላ ይሰጣሉ። የእሱም ሲወልድ ለሌላ ይሰጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከእነዚህ ዘር አንዲት ቡላ ይዞ ወደዚህ ገብስማ ይመጣል። መልኳ ምንድን ነው ብለው ይጠይቁታል። ቡላ ናት ይልዎታል።»

«እንጽፋለና፤ እንደ ሙሉሐብት።»

«ማን ዞሮ ይጽፋል?»

ውሻ እዚያ አይሸጥም፤ ይሰጣል። የተሰጠ ነገር ደግሞ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ሙሉሐብት ይህን ሁሉ በእግሩ እየዞረ፣ ጠላ እየጠጣ፣ እየሳቀ ይጠይቅ ነበር። ደብተሮቹ ውስጥ ያሉትም እሱ ያያቸው ብቻ ናቸው። ከገብስማ እናት ተወልደው በቡላ መልክ ጉና ላይ የሚኖሩ ስንት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ቡላውን ሁሉ መልቀም አይቻልም። የሚቻለው እንዲራባ የተተወ ገብስማ እንዳይኖር ማድረግ ነው አልኳቸው።

ይህን ስናገር ቡችላው እግሬ ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ ያየኝ ነበር። ድምፄ አልተለወጠም። ክፍል ውስጥ እንደምናገረው ነው የተናገርኩት።

«ይኮላሹ እያልሽ ነው» አሉ።

«አዎ። ሁለቱም። ጉምም።»

«ጉምም?»

«ጉምም።»

«ነጮቹስ?» አለች ዝናሽ። እስከዚያ ድረስ በረዶን በነጠላዋ ይዛ ቆማ ነበር።

የዚያኛው ዓይን እየመገለ እንደሆነ፣ እንደሚሠቃይ ነገርኳት። በረዶም ቢሆን የሚመጣበትን ጅብ አይሰማም፤ የሚሄድበትን ገደል አያይም። የእንስሳት ሐኪም የሆነው አስናቀ በመርፌ ሳይሠቃዩ እንዲሞቱ ያደርጋል አልኩ።

«እኔ እዚያ ቤት ስገባ ቋንቋቸውን አልሰማም ነበር» አለች። «ስምንት ወር። ሲጠሩኝ እንኳ እኔን መሆኑን አላውቅም። ከቤትም አልወጣም፤ ውጭው ምን እንደሚመስል አላየሁም። ግን አልገደሉኝም፣ እትዬ ማሬ።»

አባቷ፣ «ልጄ፣ ሰውና ውሻ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

በረዶን ለእሷ ተውኩላት። እንድታስረውና ብቻውን እንዳትለቀው ነገርኳት። ትክክል እንዳልነበረ አሁን ማለት ቀላል ነው።

አስናቀ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጉና ወጣ። ያኛውን ነጭ ቡችላ እዚያው አሳረፈው። ሁለቱ ገብስማዎችና ሦስቱ ቡላዎች አድገው ሲደርሱ ተራ በተራ ወደ ከተማ እየወረዱ ተኮላሹ፤ ምን አላችሁም እንዳትወልድ ተደረገች። አያ ስማቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጓድሉ አመጧቸው። ከአማቻቸው ጋር በዚህ ተኳርፈዋል፤ የተሰጠ ስጦታ ጎድሎ መጣ ተብሎ። ስለዚያ ሊያወሩኝ አልፈለጉም።

ጉምን አስናቀ እቤቴ መጥቶ ነው የሠራው። መጀመሪያ አልፈለገም ነበር። እሱና ሙሉሐብት አብረው የተማሩ ናቸው።

«አርጅቷል እኮ፣ ማሬ» አለኝ። «ማደንዘዣውን ላይችለው ይችላል። አጥሩን ማጠንከር ይበቃ ነበር።»

«አጥሩ ጠንክሮ አያውቅም።»

«ሙሉሐብት ቢኖር ይህን ያደርግ ነበር?»

«ሙሉሐብት ቢኖር ደብተሩን ከፍቶ ያይ ነበር» አልኩት። «በል ጀምር።»

ጭንቅላቱን ይዤለት ቆየሁ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲነቃ ጥርሱን አላሳየም፤ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

ዝናሽ በሐምሌ ደወለች። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣ ነበር።

«በረዶዬ ጠፋ» አለች። «በረዶ እየጣለ በጎቹን ልናስገባ ስንሯሯጥ ገመዱ ተፈታ። ከቤቱ ብዙ አልራቀም ነበር፤ ከድንጋይ ካቡ ሥር ነው ያገኘሁት፤ ደርቆ። መመለሻውን አላወቀውም።»

«አዝናለሁ፣ ዝናሽ።»

«ጠራሁት እኮ፣ እትዬ ማሬ። እንደማይሰማ እያወቅሁ ጠራሁት። ጎረቤቶቹ እንኳ ሰምተው ወጡ። እነ ‹ምን ታመጣ› እንኳ አብረውኝ ፈለጉ።»

ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

ዘንድሮ ሁለቱ ገብስማዎች የአያ ስማቸውን በጎች ይነዳሉ። አንደኛውን ልወስድ ይገባኝ ነበር፤ ከተማ ውስጥ በግ ስለሌለኝ እዚያው ተውኩት። ጥሩ ሠራተኞች ናቸው ይላሉ፤ ቀበሮውም ከታኅሣሥ ወዲህ አልታየም። ውሻ እዚያ ብርድ ላይ ዐሥር፣ ቢበዛ ዐሥራ አንድ ዓመት ይኖራል። ከእነዚህ ሁለት በኋላ ለጉና የሚተርፍ የሙሉሐብት ገብስማ የለም።